ድንኳን አከራይ ሲያገባ

የራሱን ሥራ የጀመረ ሰው የመጀመሪያ ደስታው አለቃ ማጣቱ ነው፤ የመጀመሪያ ኀዘኑም ያው እሱ ነው። ይህን የምላችሁ ከመጽሐፍ አንብቤ አይደለም። ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት ተቀጥሬ ስሠራ፣ ክፉም ይሁን ደግ፣ አለቃ ነበረኝ። አሞኛል ስለው ፊቱን አጨማዶም ቢሆን ይፈቅድልኛል፤ ዘመድ ሞተብኝ ስለው ሦስት ቀን ይሰጠኛል፤ ያንኑ ዘመድ በዓመቱ ደግሜ ስቀብርበት እንኳ አውቆ ያልፈኛል። ሥራዬን ለቅቄ የራሴ ጌታ ከሆንሁ በኋላ ግን እንደሱ ያለ ደግ ሰው አላጋጠመኝም። አዲሱ አለቃዬ ፈቃድ የሚባል ነገር አያውቅም። ትኩሳት ይዞኝ ስንቀጠቀጥ “ተነሥ እንጂ!” ይለኛል። አቤት ልበልበት ብል ማን ጋ እሄዳለሁ? አለቃው እኔ ነኝ።

መቼም ዘመኑ የሥልጠና ዘመን ነው። አንድ ጊዜ ሐይቁ ዳር ባለ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ሥራንና ኑሮን ስለማመጣጠን ለአዳዲስ ነጋዴዎች ሥልጠና ተዘጋጀና እኔም ተጠራሁ። (እውነቱን ለመናገር የተጠራሁት ወንበር እንዳቀርብ ነበር። ደርድሬ ስጨርስ ድካም ስለተሰማኝ አንዱ ላይ ቁጭ አልሁ፤ የሚያስነሣኝም ጠፋ።) አሠልጣኙ ሸሚዙን እጅጌውን ጠቅልሎ፣ “ሥራና ኑሮ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ በመካከላቸው መስመር አስምሩ፤ ቅዳሜና እሑዳችሁን ለቤተሰብ ስጡ” አለን። እጄን ላወጣ ብዬ ተውሁት። ምን ብዬ ልጠይቀው? እኔ ድንኳን አከራይ ነኝ። የባሕር ዳር ሰው ቅዳሜና እሑዱን ለቤተሰቡ የሚሰጠው በእኔ ድንኳን ሥር ተቀምጦ ነው። የሌላው ሰው ኑሮ የእኔ ሥራ ከሆነ መስመሩን በየት በኩል ላስምረው?

ሥራዬን በቅጡ ላስረዳችሁ። ለቅሶ ቤት እኔን አይፈልገኝም፤ እድሩ የራሱ ድንኳን፣ የራሱ ወንበር፣ የራሱ ጥሩንባ ነፊ አለው። ክርስትናና ምርቃት አልፎ አልፎ ብቅ ይላሉ። እንጀራዬ ሰርግ ነው። ሰርግ ደግሞ በእኛ አገር እንደ ዝናብ ወቅት ጠብቆ ነው የሚወርደው። ገና አልፎ ጥምቀት ሲወጣ ይጀምራል፤ ዐቢይ ጾም እስኪገባ ድረስ ከተማው ሁሉ ይጋባል። ከዚያ ጸጥ። ከፋሲካ በኋላ እንደገና ይጋባሉ፤ ክረምቱ ሲመጣ እንደገና ጸጥ። በወቅቱ እሑድ ሰርግ ነው፣ ሐሙስም ሰርግ ነው፤ ሰኞና ማክሰኞ ደግሞ መልስና ቅልቅል ስላለ ድንኳኔ ካንዱ ግቢ ተነቅሎ ሳይታጠፍ ሌላው ግቢ ይተከላል። እኔ የማልገኝበት ሰርግ የለም፤ የተጋበዝሁበት ግን አንድም የለም። ሙሽሮቹ ሳይመጡ እገባለሁ፣ ዘመድ አዝማድ ተበትኖ ሲያልቅ እወጣለሁ። ሰዉ እስክስታ ሲመታ እኔ ትከሻ ሳይሆን ካስማ ነው የማየው።

እንግዲህ አስቡት። እንዲህ ያለ ሰው መቼ ያገባል? የሰርግ ወቅት ሲሆን ሥራ አለብኝ። ሥራ የማይኖረኝ ጊዜ ደግሞ ሰርግ የለም።

ነገሩ ቀልድ የሚመስለው እመቤትን ለማያውቅ ሰው ነው። እመቤት እጮኛዬ ነበረች። ማክሰኝት ተወልዳ ያደገች፣ እዚያው ማክሰኝት ጤና ጣቢያ አዋላጅ ነርስ ሆና የምትሠራ፣ ስትስቅ አገር የሚሰማት ሴት ናት። አባቷ መሪጌታ ናቸው። ጥር ሲመጣ “ከፋሲካ በኋላ” እላታለሁ፤ ከፋሲካ በኋላ “ለጥር” እላታለሁ። መጀመሪያ መጀመሪያ ትስቅ ነበር። ኋላ ኋላ ሳቋ እያጠረ ሄደ። አንድ ቀን ከዘጌ የሚመለስ ወንበር ከጀልባ ላይ ሳስወርድ ደወለችልኝ።

“ስማኝ” አለች፤ “አንተን መጠበቅ ከጀመርሁ ወዲህ ያዋለድኋቸው ልጆች እየሮጡ ነው።”

“እመቤቴ፣ ዘንድሮ ብቻ…”

“ዘንድሮማ ዘንድሮ ነው። አባቴ ቤት ሽማግሌ ሊልክ ያሰበ ሌላ ሰው አለ። እምቢ ማለት አያቅተኝም፤ ግን ስለማን ብዬ እምቢ እንደምል ልወቀው። ስለ አንተ ነው ወይስ ስለ ድንኳንህ?”

ስልኩን ዘጋችው። ሰዎቹ ወንበር ሲያቀብሉኝ እጄን እንኳ አልዘረጋሁም። ይህችን ሴት ካጣኋት፣ ጣናን የሚያህል ድንኳን ቢኖረኝ ማንን ላስቀምጥበት ነው? በዚያው ሳምንት ሽማግሌ አሰናዳሁ።

ሽማግሌዎቼን ሳስተዋውቃችሁ አጎቴን በአጭሩ አልፋቸዋለሁ፤ ደግ ሰው ናቸው፣ ይቀመጣሉ፣ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ቃል የሚያወጡት ጋሽ እንድሪስ ነበሩ። ጋሽ እንድሪስ ዓሣ ነጋዴ ናቸው። ሐይቁ ዳር መጋዘን፣ ሁለት ጀልባና ከእሳቸው የማይለዩ ልጆች አሏቸው። ሥራዬን ስጀምር ዕቃ ማስቀመጫ አጥቼ ስዞር “እኔ ጋ ጣለው” ያሉኝ እሳቸው ናቸው፤ ድንኳኖቼ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የሚያድሩት ከዓሣው ጎን ነው። (አንዳንድ የሙሽራ እናት አፍንጫዋን ነፋ ነፋ አድርጋ ዙሪያዋን ስታይ እኔ ወዲያ ማዶ እመለከታለሁ።) እኛ ሰፈር ሽማግሌ ሲላክ አንደበተ ርቱዕ የሆነ ሰው እስላም ይሁን ክርስቲያን ብሎ የሚጠይቅ የለም። እሳቸውም ስነግራቸው ነጭ ጋቢያቸውን አስጠቡ።

ማክሰኝት የሚሄዱበት ቀን ጠዋት መኪናው ሊነሣ ሲል ጋሽ እንድሪስ በመስኮቱ ብቅ ብለው፣ “ቀን ቢጠይቁኝ መቼ ልበል?” አሉኝ። እኔ አንዱን ተሸካሚ ስለተሰበረ ወንበር እየተጨቃጨቅሁ ነበር። ስልኬን አወጣሁ። እሑዶቹ ተይዘዋል፣ ሐሙሶቹ ተይዘዋል፣ ሰኞና ማክሰኞዎቹ በመልስ ተይዘዋል። ከዚያ ከየካቲት ቀኖች መካከል አንድ ሰኞ ባዶውን ተቀምጦ አየሁ። ማክሰኞውም ባዶ። ረቡዑም ባዶ። በዚያ ሁሉ ግርግር ውስጥ አንድም ሰው ድንኳን ያልጠየቀባቸው ቀኖች! እግዚአብሔር ራሱ ለእኔ ብሎ ያስቀመጣቸው መሰለኝ። ለምን ባዶ ሆኑ ብዬ አልጠየቅሁም። የስልኬ የቀን መቁጠሪያ ደግሞ የፈረንጅ ነው፤ ስለ ጾም የሚያውቀው ነገር የለም። ቀኑን ወደ እኛ አቆጣጠር መልሼ ከነወሩ በቁጥር ነገርኋቸው፤ እሳቸውም ሹፌሩ ስላጣደፋቸው ሳያሰላስሉ ይዘውት ሄዱ።

ከዚህ በኋላ ያለውን የሰማሁት ከአጎቴ ነው። እኔ በልማዱ መሠረት አልነበርሁበትም፤ ብኖርበት ኖሮ መሬት ተከፍታ ትውጠኝ ነበር።

መሪጌታ ሽማግሌዎቹን በክብር ተቀበሏቸው። ጋሽ እንድሪስ ቆመው፣ ጋቢያቸውን አስተካክለው፣ ልጅዎን ለልጃችን ብለው ከአዳም ጀምረው ተናገሩ። የእመቤት አክስቶች ሳይቀሩ ከጓዳ ወጥተው አዳመጡ። መሪጌታም ልባቸው ራርቶ፣ “ለመሆኑ ልጁ ያሰበው ቀን አለ?” አሉ። ጋሽ እንድሪስ ቀኑን ተናገሩ። መሪጌታ ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ እያጠፉ አሰሉ። መልሰው አሰሉ።

“ይህ እኮ የነነዌ ሰኞ ነው” አሉ።

እዚህ ላይ ለዘነጋ ሰው ላስታውስ። ጾመ ነነዌ ከዐቢይ ጾም ሁለት ሳምንት ቀድሞ የሚገባ ሦስት ቀን ነው። ቀኑ በየዓመቱ ከቦታ ቦታ ይሸሻል እንጂ ከሰኞ ተነሥቶ እስከ ረቡዕ መጾሙ አይቀርም። በእነዚያ ቀኖች እንኳን ሊዳር፣ ዶሮም አትታረድም። ድንኳን ያልተጠየቀብኝ ለዚሁ ነበር። ከተማው በሙሉ የሚያውቀውን ነገር ከተማውን በሙሉ የምድረው ሰው አላወቅሁትም። ነቢዩ ዮናስ ከሥራው ሲሸሽ ነው ዓሣ የዋጠው። እኔ ወደ ሥራዬ ስሸሽ ተዋጥሁ።

መሪጌታ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ “ለመሆኑ ልጁ ክርስቲያን ነው?” አሉ።

አጎቴ ራሳቸውን መነቅነቅ እንኳ አቃታቸው። እመቤት በጓዳው በር ቆማ ትሰማ ነበር፤ መቀነቷን ስትፈታና ስታስር አጎቴ አይተዋታል። በዚህ መሐል ጋሽ እንድሪስ እንደገና ተነሡ።

“ክርስቲያንስ ነው መሪጌታ። እስላሙ እኔ ነኝ፤ ቀኑን የመረጥሁትም እኔ ነኝ። ልጁ ‘እርስዎ የመሰለዎትን ቀን ይበሉ’ ብሎ አደራ ሰጠኝ። እኔም ጾማችሁን አላውቅ፣ ከመሬት ተነሥቼ ቆረጥሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ለትልቅነቴ ብላችሁ ይቅር በሉኝ።” ይህን ብለው ጎንበስ አሉ። ያ ሁሉ ሽበት ጎንበስ አለ።

መሪጌታ ትኩር ብለው አዩዋቸው። “ይቀመጡ፣ ይቀመጡ። ለመሆኑ ምን ይነግዳሉ?”

“ዓሣ።”

“የት?”

“ባሕር ዳር።”

በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለሊቃውንቱ እተወዋለሁ፤ ገበያው ግን ከወሰነ ቆይቷል። የጣና ዓሣ ነጋዴ የእኛን ጾም ከእኛ በላይ ያውቀዋል፤ መረቡን የሚያዘጋጀው፣ በረዶ የሚያስመጣው በጾሙ ነው። መሪጌታም ይህን ያውቃሉ። በመጀመሪያ ጺማቸው ተንቀጠቀጠ፤ ቀጥሎ ትከሻቸው፤ ከዚያ ጋቢያቸው ከትከሻቸው እስኪወርድ ሳቁ።

“የባሕር ዳር ዓሣ ነጋዴ ነነዌን አያውቃትም! በሉ ግድ የለም። እንዲህ ያለ ሰው የሚያውቀውን አላውቅም ያለለት ልጅ መቼም አንድ ደግ ነገር ባይኖረው አይደለም። ልጄን ሰጥቻለሁ። ቀኑን ግን እኔው ልቁረጥ። ከጥምቀት ቀጥሎ ያለው እሑድ ይሁን።”

ጓዳው እልል አለ። አጎቴ ደውለው ይህን ሁሉ ሲተርኩልኝ የቆለልሁት ወንበር ላይ ነበርሁ። ለጋሽ እንድሪስ ምን ብዬ አመሰግናቸው ይሆን እያልሁ ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ ወዲያው ደግሞ የተቆረጠው ቀን ጆሮዬ ውስጥ ዘልቆ እንባው ደረቀ። ከጥምቀት ቀጥሎ ያለው እሑድ! የዓመቱ እሑዶች ንጉሥ! በዚያ ቀን አንዱ ድንኳኔ ሽምብጥ ሰፈር፣ ሌላው ከዓባይ ድልድይ ማዶ፣ ትልቁ ደግሞ በጀልባ ተጭኖ ዘጌ ሊሄድ ቃል ተገብቶበታል። የሰው ሰርግ ሰርዤ የራሴን ልሰርግ? ሙሽራ ፀሐይ ላይ አስቀምጬ እኔ ጥላ ሥር ልቀመጥ? እምቢ ብልስ? መሪጌታ ሁለተኛ ጣታቸውን አያጥፉልኝም፤ ያ ሽማግሌ ሊልክ ያሰበ ሰውም ጫማውን እየጠረገ ነው።

ጋሽ እንድሪስ ሲመለሱ መጋዘኑ በር ላይ ጠበቅኋቸው። እጃቸውን ልስም ጎንበስ ስል ትከሻዬን ይዘው አቀኑኝ።

“ሌላ ቀን ጠይቁልኝ ልትለኝ እንዳይሆን” አሉ፤ “እኔ አላህ ፊት ለአንተ ብዬ አንድ ጊዜ ዋሽቻለሁ፤ ሁለተኛ አልደግምልህም። ሂድና አግባ። ድንኳኑን ለእኔ ተወው።”

“ጋሼ፣ ድንኳን መትከል እኮ…”

“ምንድን ነው ድንኳን? ሸራና ገመድ አይደለም? ልጆቼ ሸራና ገመድ ሲይዙ ነው ያደጉት፤ ያውም በነፋስ፣ ያውም ውኃ ላይ። መሬትማ ምን አላት፣ ቁጭ ብላ ትጠብቅሃለች።”

እመቤት ደግሞ በስልክ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ። ጥሎሽ አላለች፣ ቬሎ አላለች። “ስልክህን ይዘህ እንዳትመጣ” አለች። ቅዳሜ ጠዋት ከሚዜዎቼ ጋር ልንነሣ ስንል ስልኬን ለጋሽ እንድሪስ አስረከብሁ። ልጅን ለሞግዚት ትቶ የመሄድ ያህል ነበር። ወረታ እስክንደርስ ባዶ ኪሴ ሲንቀጠቀጥ ይሰማኛል፤ እጄን እሰዳለሁ፣ የለም። አዲስ ዘመን ከተማ ስንደርስ ሚዜዬ እጄን ያዘው። እንደ ፍቅረኛ ተያይዘን ማክሰኝት ገባን።

እሑድ ጠዋት በቤተ ክርስቲያን ሥርዓታችን ተፈጸመ፤ ከዚያ መሪጌታ ግቢ ገባን። ድንኳኑን የተከለው የአካባቢው ሰው ነበር። ጥፋት ልፈልግበት አልነበረም፤ ዓይን ግን ዓይን ነው። በስተግራ ያለው ካስማ ላልቷል። ምሰሶው ወደ አጥሩ ዘመም ብሏል። ወንበሮቹ ደግሞ እግረኛ እንዳያልፍ ተጠጋግተዋል። ካባዬን ለብሼ፣ ሰው እልል እያለልኝ፣ እኔ ስለ ካስማው አስባለሁ። ልነሣ ስል እመቤት በክርኗ ጎሸም አደረገችኝና ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ፣ “ድንኳኑን ነው የምታገባው?” አለችኝ። ቁጭ አልሁ።

ቁጭ ስል ምን ሆነ መሰላችሁ? ያን ሁሉ ዓመት ስተክለው የኖርሁትን ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ ከውስጡ ሆኜ አየሁት። ፀሐይዋ በሸራው ውስጥ አልፋ የሰዉን ፊት ሁሉ አንድ ዓይነት ወርቃማ ታደርገዋለች። አጎቴ መነቅነቁን ትተው ይጨፍራሉ። አንዲት የማላውቃቸው ባልቴት እጄን ስመው “ዕድሜ ከጤና፣ ልጅ ከትዳር” ብለው መረቁኝና ዶሮ ወጡን በእጃቸው አጎረሱኝ። ስንቱን ድስት ተሸክሜ አቀብያለሁ፤ በሰርግ ላይ ትኩስ ዶሮ ወጥ ስበላ ግን ያ የመጀመሪያዬ ነበር። መሪጌታ ሲመርቁ “ለሽማግሌዎቹ ሁሉ፣ በተለይም ቀን ለማያውቁት” አሉና ሰዉ ሳይገባው አሜን አለ። ይህን ሁሉ ለእኔ ያደረጉት ሰዎች ምን ዕዳ ነበረባቸው? ምንም። አለቀስሁ ብላችሁ አታምኑኝ ይሆናል። አለቀስሁ። ጌታዬ ተመስገን እያልሁ፣ ካባዬን እያበላሸሁ አለቀስሁ።

ከሰርጉ ማግስት መልሱ፣ ከመልሱ ማግስት ቅልቅሉ አልፎ ከእመቤት ጋር ባሕር ዳር ስንገባ ድንኳኖቼ ትዝ አሉኝ። በቀጥታ ወደ ሐይቁ ዳር ወሰድኋት። ጋሽ እንድሪስ መጋዘኑ ደጃፍ ተቀምጠው መረብ ይጠግናሉ። ስልኬን ከኪሳቸው አውጥተው ሰጡኝ።

“ደኅና ነው?” አልሁ።

“ደኅና ነው። ጮኸ፣ ጮኸ፣ ዝም አለ።”

“ሽምብጥስ?”

“ተዳሩ።”

“ከድልድዩ ማዶስ? ዘጌስ?”

“ሁሉም ተዳሩ፣ አልሐምዱሊላህ። የዘጌውን ብቻ ልጆቹ በጀልባ አስተሳሰር ስላሰሩት ሰኞ ዕለት የሚፈታው ጠፋ። የሙሽራው አባት ‘እንዲህ የጠና ድንኳን አላየሁም፣ ይቆይልን’ አሉ። እስካሁን እዚያው ቆሟል።” ዛሬ ሸሪኬ የሆነው ትልቁ ልጃቸው በዚያን ዕለት ነው ሥራውን የተማረው። ከዚያ ወዲህ በእኛ በዓል እሱ ይሠራል፣ በእነሱ በዓል እኔ እሠራለሁ፤ ሁለታችንም ከቤታችን የምንውልበት ቀን አገኘን። ይህን ያህል ቀላል መሆኑን ግን ያን ጊዜ አላወቅሁም።

“እኔን የጠየቀኝስ የለም?” አልሁ በመጨረሻ።

ጋሽ እንድሪስ መረባቸውን አስቀምጠው ከልባቸው አሰቡ። “የለም” አሉ።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ቅር አለኝ። እኔ ከሌለሁ ከተማው ፀሐይ ላይ ይጋባል ብዬ ስንት እሑድ፣ ስንት ጥር፣ ስንት የእመቤትን ሳቅ ከፍያለሁ! ከተማው ግን ያለ እኔ ደኅና አድርጎ ተጋብቶ፣ በልቶ፣ ጠጥቶ፣ ወደየቤቱ ገብቷል። ጀልባዎቹ የታሰሩበት ድንጋይ ላይ ሄጄ ተቀመጥሁ። እመቤትም መጥታ አጠገቤ ቁጭ አለች፤ ሂናዋ ገና አልለቀቀም።

“ምን ሆንህ?” አለች።

“ያለ እኔ ሁሉም ሆኗል እኮ” አልኋት። “አንድም ሰርግ አልጎደለም።”

እጇን በክንዴ ሥር አስገባች።

“ካሉት ሰርጎች ሁሉ ያለ አንተ የማይሆነው አንድ ብቻ ነበር” አለች፤ “እሱ ላይ ደግሞ ተገኝተሃል።”